በመስኮቱ ያልጠራሁት ስም

ኡኬ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሞረዳ ፉፋ፣ ላይፕዚግ፣ ምሥራቅ ጀርመን

አካም ጅርታ ልጄ? በዚያ ብርድ አገር እስከ ዛሬ የጠበቀህ ጌታ ወደፊትም ይጠብቅህ። እኛ ከአንድ ነገር በቀር ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ይሄዳል፣ ይናገራል፣ ይቆጣል።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነው። አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ ስለ ተማርኩ ፊደል አይፈጥንልኝም። ደግሞም አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ። በሩ ድረስ ሄጄ መንገዱን አያለሁ። የምጠብቀው ሰው የለም፤ ግን አያለሁ።

ልጄ ደራርቱ ጥቅምት 17 ቀን እንዳረፈች አባትህ ጽፎልሃል። እንዴት እንደሆነ ግን አልጻፈልህም፤ እኔ ልንገርህ። ትኩሳት ያዛት። በሦስተኛው ቀን ሰው መለየት ስታቆም በጭነት መኪና ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። አባቷ አልነበረም፤ የቀበሌያችን ወንዶች ለሰፋሪዎች ጎጆ ሊሠሩ ወደ ጊዳ አያና ተልከው ነበር። ካርድ አወጣሁ፣ ሐኪም አያት፣ መርፌ ታዘዘላት። መርፌውን ከተወጋች በኋላ ትንፋሿ ተያዘ። የጫማዋን ማሰሪያ ፈትቼ ሳልጨርስ አለቀ።

ከሁለት ዓመት በፊት ያው ፔኒሲሊን የሚሉት መርፌ ሰውነቷን አሳብጦት ነበር። ያን ጊዜ አባቷ ነው የወሰዳት። ነርሷ ይህ መርፌ ሁለተኛ እንዳይሰጣት ብላ በካርዷ ላይ በቀይ ቀለም ጽፋለች። ለአባቷ፣ ለአባ ደራርቱ፣ በአማርኛ ነገረችው፤ አማርኛ ብዙ አይገባውም። ካርዱ ላይ አለ ስትለው ካርዱን አመነ። ለእኔ፣ ያደረ ምስር ነው ያሳበጣት አለኝ፤ እኔም ምስር አቆምኩባት።

አሁን ግን በአሮጌው ካርድ አልታከመችም። አዲስ ካርድ ተከፈተላት፤ በአዲሱ ላይ ቀይ ቀለም የለም። የአያቷ ስም ተሳስቶ ተጽፎ ነው አሮጌው ያልተገኘው ተባለ። የጻፈው ዘነበ የሚባል የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። አባ ደራርቱ እንደ ተመለሰ ከሰሰው። ሰውየው ከሥራ ታግዷል፤ ኮሚቴ ይመረምረዋል።

አንተ የሆስፒታል ነገር እየተማርክ ነውና ልጠይቅህ። ካርድ ተሳስቶ ሰው ቢሞት በእናንተ አገር ጸሐፊውን ምን ያደርጉታል?

አክስትህ ወለቴ ጨመዳ


ላይፕዚግ፣ ጥር 23 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ የአባቴ እህት፣ ለአዳዳ ወለቴ

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደብዳቤዎ ከመጣ አምስት ቀኑ ነው። በየቀኑ ጀምሬ እቀድ ነበር። ደራርቱን ስለያት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል የተቀቀለ በቆሎ ወርውራልኝ ኮፍያዬ ላይ አርፎ ነበር። ያን ሳስብ ውዬ ሥራ ትቼ ወጣሁ።

ስለ ጠየቁኝ ነገር ልመልስ። እዚህ ሰው በስም አይመዘገብም፤ በቁጥር ነው። አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር ኮምፒውተር በሚሉት ማሽን ውስጥ ሲገባ የቀድሞ በሽታው፣ የማይስማማው መድኃኒት ሁሉ ይወጣል። ጤና ጥበቃ እኔን የላከኝ ይህን እንድማር ነው። ማሽኑ ለእኛ አገር ገና ነው፤ ቁጥሩ ግን ሊጀመር ነው። በሚመጣው መስከረም አስቀድሞ የሚሞከረው ደራርቱ በታከመችበት ሆስፒታል ነው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ የወለጋ ሆስፒታሎች ይሄዳል።

ለሠራተኞቹ የሚሰጠውን ሥልጠና የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በአማርኛና በኦሮምኛ የሚሰማ ካሴት፣ ከካሴቱ ጋር የሚታይ ሥዕል፣ እዚህ በማሽኑ ላይ የሞከርኩት መልመጃ አለው። እስካሁን ምሳሌዬ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ያገኘሁት የጀርመን ሰው ነበር። ከእንግዲህ አይሆንም። የመጀመሪያው ትምህርት የደራርቱ ይሆናል። ያ ጸሐፊ ያደረገውን እያንዳንዱ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ይሰማዋል።

ስለዚህ ቢከብድዎትም ልለምንዎት፤ በካርድ ክፍሉ መስኮት እሱ ምን ብሎ ጠየቀዎት? እርስዎ ምን መለሱ? ቃል በቃል ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ሞረዳ


ኡኬ፣ መጋቢት 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ ሞረዳ፣ ሰላምህ እንደ አገርህ ሣር ይብዛ።

ደብዳቤህን ለአባትህ አነበብኩለት። የማሽኑ ነገር ሲደርስ አቁሚና ድገሚው አለኝ። አሁን በገበያ ላይ፣ «ልጄ የሰውን በሽታ በቁጥር የሚያውቅ ማሽን ያዝዛል» እያለ ነው። ድርቤ ቅቤ ሻጯ፣ «እስቲ የእኔን ምራት ዝምታ በሽታ መሆኑን ይጠይቅልኝ፤ ቁጥሩ ስንት ነው?» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

የትምህርት ቤት ልብስ ስፌት በዝቶልኛል። ሃያ ሰባት ቀሚስ ታዞልኛል። አንዱን ስለካ ቁመቱ የደራርቱ ሆነብኝና መቀሱን አስቀምጬ ወጣሁ። እስከ ወንዙ ሄጄ ተመለስኩ። ጨርቁ እንዳስቀመጥኩት ነበር።

አባ ደራርቱ ብዙ አይናገርም። ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ከተማ እየሄደ ኮሚቴው ምን እንደ ደረሰ ይጠይቃል። ከሄደ ደህና ይመለሳል፤ ያልሄደ ቀን ያስፈራኛል። ክሱን እንደ ምርኩዝ ይዞታል።

ስለ መስኮቱ ለጠየቅኸኝ፣ ሰው በዝቶ ነበር፤ ግፊያ ነበር። ስም ጠየቀኝ፤ ስም ነገርኩት። ሌላ ብዙ ነገር አልነበረም። ብርዱ ካለ ሹራብ ልሥራልህ፤ የክንድህን ቁመት በክር ለክተህ ላክልኝ።

ወለቴ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአዳዳ ወለቴ፣ ከከበረ ሰላምታ ጋር

ክሩ በፖስታው ውስጥ አለ። ስለ ሹራቡ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያውን ትምህርት ጽፌ ጨርሻለሁ። አስተማሪዬ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞለት አንብቦ ጥሩ ነው፣ ሰው አይረሳውም ብሎኛል። ቁራጩን ልላክልዎት፦

«ጸሐፊው ከጓደኛው ጋር ስለ ኳስ እያወራ ነው። አንዲት እናት የታመመች ልጇን ይዛ መስኮቱ ጋ ትደርሳለች።

ጸሐፊው (ቀና ሳይል)፦ ስም!
እናት፦ ደራርቱ።
ጸሐፊው፦ የአባት?
እናት፦ ጉሉማ።
ጸሐፊው፦ የአያት?
እናት፦ ........................
ጸሐፊው (ሳይሰማት እየጻፈ)፦ ቀጣይ!»

ነጥብ በነጥብ ያደረግሁት የእርስዎ ነው። እኔ ልሞላው እችላለሁ፤ የአያቷን ስም ማን ያጣዋል። ግን በትክክል እርስዎ እንዳሉት፣ በራስዎ ቃል እንዲሆን ፈለግሁ። ስሙን ብቻ ነው ያሉት? ወይስ ደግመው ነገሩት? ጮክ ብለዋል? አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

ባለፈው ስለ መስኮቱ የጻፉልኝ የእርስዎ አነጋገር አልመሰለኝም፤ ይህን ስል እንዳያዝኑብኝ። ሐዘኑ እንደሆነ ይገባኛል።

ሞረዳ


ኡኬ፣ ግንቦት 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሞረዳ ልጄ፣ እንደምን አለህ?

ክሩ ደርሷል። ቀጭነሃል።

ትናንት አንዲት ሴት የልጇን ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ለክቼ ስም ስጠይቃት፣ «ሸዋጌጥ፤ የዘነበ ሚስት ነኝ» አለችኝ። መለኪያው ከእጄ ወደቀ። እሷው ጎንበስ ብላ አነሣችልኝ።

«ለመለመን አልመጣሁም እትዬ ወለቴ» አለች። «ያጡት ልጅ ነው፤ እኔ ምን ብዬ እለምናለሁ? ግን ባሌ፣ ጠይቄ ነው የጻፍኩት፣ ይላል። በቀን ሁለት መቶ ሰው ስለሚያይ የቷ እናት እንደሆኑ እንኳ ፊትዎን አያስታውስም። ቁጭ ብሎ፣ ምናልባት ሳልጠይቅ ቀርቼ ይሆን? ሌላም ሰው ገድዬ ይሆን? እያለ ራሱን ይበላል። ጠይቆ ነበር ወይ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ። አልጠየቀም ካሉኝ እሱንም ይዤለት ልግባ።»

እኔ፣ «ቀሚሱ አርብ ይደርሳል» አልኳት።

እሷ ከሄደች ወዲህ ቤቱን ሦስት ጊዜ ጠርጌዋለሁ። አንተ የላክኸው ወረቀት ከስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ ነጥቦቹን አያለሁ፣ እዘጋለሁ።

ያ ጸሐፊ ስለ ኳስ አያወራም ነበር። ይህን አስተካክል።

ወለቴ


ላይፕዚግ፣ ሰኔ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

አዳዳ ወለቴ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የኳሱን ነገር አውጥቼዋለሁ። ካሴቱ የሚቀረጸው ነሐሴ 5 ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ መለወጥ አልችልም። በወለጋ ያለ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሁሉ ነው የሚሰማው። መልስዎ ካልደረሰኝ በነጥቦቹ ፋንታ እናትየው ትክክለኛውን ስም ስትናገር፣ ጸሐፊውም ሌላ ሲጽፍ አድርጌ እጨርሰዋለሁ። የሆነው ይኸው ነውና።

ይኸው ነው አይደል?

ሞረዳ


ኡኬ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ ሞረዳ፣

ይህ ደብዳቤ እንዳይዘገይ ነቀምት ድረስ ራሴ ይዤው ሄጄ ነው የማስገባው። ጌታ ቀድሞ ያድርስልኝ።

አይደለም። ይኸው አይደለም።

አንተ የእኛ ቤት ልጅ ነህ፤ ለጉ የምንለውን ታውቃለህ። ሴት ካገባች የባሏን አባት ስም አትጠራም። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ እዚህ ቤት ስገባ አማቴ ለጋብቻው የሰባ ወይፈን አርዶ፣ ከሚወደው ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጠኝ። ያን ቀን ስም አወጣሁለት፤ አዱኛ አልኩት። እስኪሞት አዱኛ እያልኩ ውኃ አቀበልኩት፣ ከሞተም በኋላ አዱኛ ነው። ጠጅ በኦሮምኛ ስሙ ከእሱ ስም ጋር ስለሚመሳሰል እንኳ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠጅን በአማርኛ ነው የምጠራው። ሰው የግድ ስሙን ሲጠይቀኝ አጠገቤ ያለ ሌላ ሰው ይጠራልኛል። ሁልጊዜ አንድ ሰው አይጠፋም ነበር።

በዚያ መስኮት ማንም አልነበረም። ልጄ በትከሻዬ ላይ ነበረች፤ አንገቴን ታቃጥለኛለች። ዘነበ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ደክሞት ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም።

«የአያት?» አለኝ።

«አዱኛ» አልኩት።

ሳጥኑን ፈለገ፤ ብዙ ፈለገ። «ከዚህ በፊት ካርድ ነበራት?» አለኝ። «አዎን፣ አባቷ አውጥቶላት ነበር» አልኩት። «በዚህ ስም የለም እኮ እናቴ። እርግጠኛ ነዎት? አያቷ አዱኛ ነው?» አለኝ።

ሞረዳ፣ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ከኋላዬ ሰው ይገፋል። ካርዱ ለወረፋ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ልጄን ያያታል እንጂ ወረቀት ምን ያያል አልኩ በልቤ። «አዱኛ ነው» አልኩት። አዲስ ካርድ ከፈተ። «ይማርልዎት» አለኝ።

ኋላ፣ አባ ደራርቱ የሁለቱን ካርዶች ነገር ሰምቶ ሲመጣ፣ «ይሄ ሰውዬ አባቴን አዱኛ ብሎ ጻፈው! አዱኛ ማን ነው?» ብሎ ጮኸ። አዱኛ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ሃያ ዓመት ስጠራው ሰምቷል። ግን በዚያ ሰዓት አልተገናኘለትም። ለእኔ ተገናኘልኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሱ ግን ሲቆጣ ሳየው፣ ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ሲሄድ ሳየው፣ ዘጋሁት። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ዘጠኝ ወር ነገ እናገራለሁ እንዳልኩ ነው።

አሁን አወቅህ። በነጥቦቹ ላይ የምትጽፈው ይህን ነው። ከፈለግህ ስሜንም ጻፍ። ያን ሰው ግን በካሴት እንዳታሰድበው።

አሁን ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ። ዝናብ ነው። ወረቀቱ ሳይበላሽ ልሂድ።

ወለቴ


ላይፕዚግ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

አዳዳዬ፣

ደብዳቤዎ ካሴቱ ሊቀረጽ አንድ ቀን ሲቀረው ደረሰ። አንብቤ ወጣሁ፤ እስከ ባቡር ጣቢያ በእግሬ ሄድኩ። ተመልሼ ትምህርቱን ቀደድኩት።

በእርስዎ ላይ አንድም ቃል የለኝም። እኔ ግን ልንገርዎት። እናቴ አያቴን ጨመዳን ጨመዳ ብላ ስትጠራው አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ጀግና ለማለት «ጎታ» ነበር የምትለው። በዚያ ቤት ያደግሁ ሰው፣ ለዚያ አገር ሴቶች የሚጠየቅ የካርድ ጥያቄ ሳዘጋጅ፣ የአያት ስም ብዬ ጻፍኩና ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። ማንም ይህን አላስተማረኝም ብል ውሸት ነው። እናቴ በየቀኑ ታስተምረኝ ነበር።

ቀረጻውን በአራት ቀን አስተላለፉልኝ። አሁን የመጀመሪያው ትምህርት እንዲህ ነው፦ ጸሐፊው ጥሩ ሰው ነው፤ ቀና ይላል፣ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ቢሆንም ልጅቱ ትሞታለች። ከዚያ ካሴቱ ይቆምና ሠልጣኞቹ ጎደለ የሚሉትን ይናገራሉ። ሲጨርሱ አዲሱ ደንብ ይነበባል። ሴትን የአያት ስም ከመጠየቅ በፊት፣ «መጥራት የማይሆንልዎት ስም አለ? ሌላ ሰው ይጥራልዎት፣ ወይም እኔ ላንብብና ራስዎን በመነቅነቅ ያመልክቱኝ» ይባላል። የሚሰጠው ቁጥርም በቤት እንዲቀመጥ በትንሽ ወረቀት ለእናት ይሰጣል። ስምዎን አልጻፍኩም።

አንድ ነገር ግን እኔ ላደርገው አልችልም። ለኮሚቴው እኔ ብጽፍ፣ ዘመድ የጻፈው ወረቀት ይሉታል። ዘነበን ያየው የእርስዎ ዓይን ብቻ ነው።

ሞረዳ


ኡኬ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ሞረዳ፣ የጌታ ምሕረት ባለህበት ይድረስህ።

ሹራቡ ከዚህ ጋር አለ። እጅጌውን ትንሽ አስረዝሜዋለሁ፤ ትወፍራለህ ብዬ።

ደብዳቤህ እንደ መጣ ለአባ ደራርቱ ነገርኩት። በሬ ሊያጠጣ ሲነሣ፣ «ተቀመጥ፤ አዱኛ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ በሬዎቹን ይዞ ወጣ። ሲመለስም አልተናገረኝም። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው፣ ማክሰኞ ነበር፣ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ቆመና፣ «አትመጪም?» አለኝ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ዘነበም ተጠርቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ አሥር ወር ከሥራ ታግዶ ከስቷል። እንደ ጻፍኩልህ አድርጌ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ፣ «ታዲያ ትክክለኛው የአያቷ ስም ማን ነው? ለቃለ ጉባኤው ይናገሩ» አሉኝ።

አባ ደራርቱ ሊጠራልኝ አፉን ከፈተ። በእጄ አቆምኩት።

ጠራሁት። ድምፄ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማኝ። ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ አባቱ ከኋላ የገባ ይመስል። ማንም የተለየ ነገር አላየም። ጸሐፊዋ ጻፈች፤ በሁለት ፊደል አለቀ።

ዘነበ፣ «ሁለት ጊዜ ጠይቄዎት ነበር?» አለኝ።

«ሁለት ጊዜ» አልኩት። «ይማርልዎትም ብለኸኛል።»

ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። ይቅርታ አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። አባ ደራርቱ ክሱን አንሥቼአለሁ ብሎ ፈረመ። በመኪናው ላይ ድልድዩን ስናልፍ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ፣ «እኔ ብኖር እጠራልሽ ነበር» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት። ይህንኑ ደጋግሞ አለኝ፤ እኔም ደጋግሜ አውቃለሁ አልኩት።

ካሴትህ በመስከረም መጨረሻ ደረሰ። ሸዋጌጥ ናት የነገረችኝ፤ ዘነበ ወደ ሥራው ተመልሷል። ካሴቱ ቆሞ ምን ጎደለ ሲባሉ አንድ ድሬሰር፣ «ሴትዮዋ ናት ጥፋተኛዋ» አለ። ዘነበ ተነሥቶ፣ «አንተ የአማትህን ስም ጠርተህ ታውቃለህ?» አለው። ክፍሉ ሳቀ፤ ሰውየው ጠርቶ አያውቅማ። ከዚያ ሁሉም ስለ እናቱ ይናገር ጀመር፤ ካሴቱ እስከ ምሳ ቆሞ ዋለ።

አሁን ሁለት ሁለት ካርድ ያላቸውን ሰዎች እየፈለጉ በአንድ ቁጥር ሥር እያደረጉ ነው። ከትናንት በስቲያ ሄጄ ለደራርቱም ቁጥር እንዲሰጣት ጠየቅሁ። ዘነበ፣ «የሞተ ሰው ቁጥር አይሰጠውም እትዬ» አለኝ። ቆምኩ። እሱም ቆመ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቶ ጻፈ፤ 4117።

ሁለቱን ካርዶች አወጣቸው። ማያያዣ ሽቦ ካለቀባቸው ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሙጫም የለም። እኔ ግን መርፌ ከአንገትጌዬ አይጠፋም። በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ አንዱን በአንዱ ላይ ሰፋኋቸው፤ በቀይ የተጻፈው እንዲታይ አሮጌውን ከላይ አደረግሁ። ከኋላዬ ወረፋ ነበር። ማንም አልገፋኝም።

ስጨርስ ዘነበ እርሳሱን አንሥቶ፣ «በቁጥሩ ላይ ምን ስም ልጻፍ?» አለኝ። እያወቀ ነው የጠየቀኝ።

«ደራርቱ ጉሉማ ዳዲ» አልኩት። ክሩንም በጥርሴ በጠስኩት።

አክስትህ ወለቴ ጨመዳ